ያገለገለች የረጅም መንገድ ሞተርሳይክል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ ስፖርት ቱሪንግ ሞተርሳይክሎች ናቸው። የእሽቅድምድም ዓይነት ጉልበትና ፍሬን ይዘው ትልቅ የነዳጅ ታንክ፣ የንፋስ መከላከያና ጠንካራ የጎን ሻንጣ የተገጠመላቸው ማለታችን ነው። ግራ እንዳያጋባ ሙሉዋን “ሞተርሳይክል”፣ ውስጧ ያለውን ደግሞ “ሞተር” እያልን እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሦስት ሞተርሳይክሎች አይቼ መወሰን አቃተኝ። የ2007 ያማሃ ኤፍጄአር 1300፣ 41 ሺህ ማይል የሄደች፤ የ2005 ሆንዳ ኤስቲ 1300፣ 58 ሺህ ማይል፤ የ2009 ካዋሳኪ ኮንኮርስ 14፣ 19 ሺህ ማይል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። በሥራ ቀን ወደ መሥሪያ ቤት፣ ቅዳሜ በቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ወዳለው የስካይላይን ድራይቭ መንገድ፣ በዓመት አንድ ሁለቴ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ራቅ ወዳለ ከተማ እሄዳለሁ። ማይሏ ትንሽ ስለሆነ ልቤ ወደ ካዋሳኪዋ አድልቷል። የትኛዋን ልያዝ?

መልስ፦ ማይሉን ለጊዜው ይተዉት። ሦስቱም ባለ አራት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዙና ኃይሉ በካቴና ሳይሆን በሻፍት (በሚሽከረከር የብረት ዘንግ) ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድባቸው ናቸው። በወጉ ከተያዙ 100 ሺህ ማይል አይከብዳቸውም። መጠየቅ ያለብዎት የቫልቭ ክፍተታቸው (ወደ ሞተሩ አየር በሚያስገቡትና ጭስ በሚያስወጡት በሮች ላይ የሚተወው ስስ ክፍተት) መቼ እንደተለካ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የወጣው መመሪያ ለኤፍጄአሯ በየ26,600 ማይል፣ ለኤስቲዋ በየ16,000፣ ለኮንኮርሷ በየ15,000 ማይል እንዲለካ ያዛል። በዚህ ሂሳብ ያማሃዋ አንድ ጊዜ፣ ሆንዳዋ ሦስት ጊዜ፣ ካዋሳኪዋም አንድ ጊዜ መለካት ነበረባቸው። ባለቤቶቹን ደረሰኝ ይጠይቁ። “አይንኳኳም፣ ደህና ነው” ቢሉዎት አይቀበሉ። የላላ ቫልቭ ይንኳኳል፣ የጠበበ ቫልቭ ግን ድምፅ የለውም። የጭስ ማውጫው ቫልቭ በጊዜ ብዛት ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠፋል፣ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል፣ በመጨረሻም ጠርዙ ይቃጠላል። መለካቱ ራሱ ቀላል ነው፤ ጊዜ የሚበላው ፕላስቲኩንና ታንኩን አውርዶ እዚያ መድረሱ ነው። ደረሰኝ ከሌለ የጋራዡን የእጅ ዋጋ ከመሸጫው ላይ ያስቀንሱ።

ቀጥሎ የየአንዳንዳቸው የታወቀ ድካም አለ።

ኤፍጄአሯ። ከ2006 እስከ 2009 የተሠሩት በቁልፍ ማስገቢያቸው ምክንያት ሪኮል (የፋብሪካ የነፃ ጥገና ጥሪ) ወጥቶባቸዋል። በውስጡ ያለው የሽቦ ብየዳ ሊላቀቅና ሞተሩ በጉዞ ላይ ሊጠፋ ይችላል። የሻሲ ቁጥሯን በአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ካስገቡ ሪኮሉ መሠራት አለመሠራቱን በነፃ ያያሉ። ሁለተኛው የግራውንድ ሽቦ ነው። በዚህ ትውልድ ላይ ብዙ የግራውንድ ሽቦዎች አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ መጋጠሚያ ውስጥ ይገናኛሉ። እርጥበት ሲገባት ትዝጋለች፣ ስትዝግ ትግላለች፣ ስትግል ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ዳሽቦርዱ ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ፍሬቻ ሲያበሩ ሌላ መብራት ሲርገበገብ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ሽፋኑን ከፍተው ይዩት፤ ቡናማ ሆኖ ካገኙት ሽቦዎቹ ተቆርጠው እንደገና መበየድ አለባቸው። ሦስተኛው የካምሻፍት ካቴና መወጠሪያ ነው። ቀዝቅዛ ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ካለ መወጠሪያው ደክሟል። እቃው ውድ አይደለም። ግን ችላ ከተባለ ካቴናው ጥርስ ይዘላል፣ ያኔ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ የዚያ ጥገና ከሞተርሳይክሏ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ኤስቲዋ። የፊትና የኋላ ፍሬኗ የተያያዘ ነው። በግራ የፊት ሾክ ላይ አንዲት ትንሽ ሁለተኛ የፍሬን ፓምፕ አለች። የፊት ፍሬን ሲያዝ የግራው ካሊፐር (የፍሬን ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው እቃ) በጥቂቱ ይዞርና ያችን ፓምፕ ገፍቶ የኋላውን ፍሬን ያስይዛል። የፍሬን ዘይት ሳይቀየር ከቆየ በፓምፗ ውስጥ ያለችው ጠባብ የመመለሻ ቀዳዳ በዝቃጭ ትደፈናለች፤ የተያዘው የኋላ ፍሬን አይለቅም፣ እየጋለ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ጎማውን አንቆ ይይዛል። ፈተናው እንዲህ ነው። በመሃል ማቆሚያዋ ያቁሟት። አንድ ሰው የኋላ ጎማውን በእጁ ያሽከርክር። እርስዎ የግራውን የፊት ካሊፐር ጎማው ወደሚዞርበት አቅጣጫ በእጅዎ ወደ ላይ ይግፉት፤ የኋላው ጎማ መያዝ አለበት። ይልቀቁት፤ ወዲያው በነፃነት መዞር አለበት። አሥር ጊዜ ይደጋግሙ። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ላይ እየከበደ ከመጣ ፓምፗ ታማለች። ይህን ሳይፈትኑ ኤስቲ 1300 አይግዙ።

ኮንኮርሷ። ሦስቱ ውስጥ ጉልበት ያላት እሷ ናት፤ 1,352 ሲሲ ነች፣ ቫልቮቿም እንደ ዙሩ ጊዜያቸውን ይለውጣሉ። ግን ታንኳ 22 ሊትር ነው፤ የያማሃዋ 25፣ የሆንዳዋ 29። ስለ ቁልፏ ከታች ለፍራንክፈርቱ አንባቢያችን የሰጠነውን መልስ ያንብቡ።

ወደ ፍርዳችን ስንመጣ፣ ለእርስዎ ኤፍጄአሯን እንመርጣለን። ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ሙሉ መጠምዘዣ ነው፣ የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 35 ማይል ነው። እዚያ ላይ 290 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ያማሃ 331 ኪሎ ከምትመዝነው ሆንዳ እጅግ ትቀላለች። በየቀኑ መሥሪያ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ወደ ኋላ ሲገፏትም ልዩነቱን ወገብዎ ያውቀዋል። አብዛኛው ጉዞዎ ከባለቤትዎ ጋር በሀይዌይ ቢሆን ኖሮ ግን ምርጫችን ሆንዳዋ ትሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ አንዲት ኤፍጄአር ላይ ቀጠሮ አለኝ። መካኒክ ይዤ መሄድ አልቻልኩም። ምን ይዤ ልሂድ? ከምኑስ ልጀምር? ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ የእጅ ባትሪ፣ ቮልት መለኪያ፣ ነጭ ሶፍትና ጓንት ይያዙ። ከመሄድዎ በፊት ደውለው “እባክዎ እስክመጣ አያስነሷት” ይበሉ። ሲደርሱ እጅዎን የሞተሩ ክዳን ላይ ያሳርፉ። ሞቃት ከሆነ ሻጩ አስቀድሞ አሙቋታል ማለት ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ብቻ የሚናገራቸውን ድምፆች አይሰሙም። ሌላ ቀን ይቅጠሩት።

ወረቀቱን ያስቀድሙ። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው ቁጥር ከመሪው ሥር፣ ከሻሲው አንገት ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር በእያንዳንዱ ፊደል መግጠም አለበት። የባንክ ዕዳ ካለባት በታይትሉ ላይ ይታያል፤ ዕዳው ሳይሰረዝ ገንዘብ አይስጡ። “ሳልቬጅ” (ክፉኛ ተጎድታ ኢንሹራንስ የተዋት) የሚል ምልክት ያለባትን ይተዋት፤ ርካሽነቷ ኢንሹራንስና መልሶ መሸጥ ላይ ይጠፋል።

ከዚያ ባትሪውን ይለኩ። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም በላይ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ዙሩ 4,000 አካባቢ ሲደርስ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ባትሪውን ቢቀይሩም አይድንም፤ ችግሩ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል ወይም ቮልቱን የሚቆጣጠረው እቃ ላይ ነው።

ጎማዎቹ ጎን ላይ ዲኦቲ የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2319 ማለት በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ቅርፁ አዲስ ቢመስልም ይቀየራል፤ ሁለቱ ከነማስገጠሚያቸው ብዙ ጊዜ ከ400 ዶላር ስለሚያልፉ በድርድር ውስጥ ያስገቡት። መሃሉ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ያልተነካ ጎማ ካዩ ደግሞ ሞተርሳይክሏ ቀጥ ባለ ሀይዌይ እንጂ በመጠምዘዣ አልኖረችም።

የፊት ሾኩን ብረት በሶፍቱ ይጥረጉ፤ የዘይት ቀለበት ከተተወ ጎሚኒው አልፏል። በመሃል ማቆሚያዋ አቁመው፣ ሰው የኋላውን ተጭኖ የፊት ጎማውን ከመሬት ሲያነሳ መሪውን በአንድ ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ይውሰዱት። ልክ መሃሉ ላይ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ቆም የሚል ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። የፍሬን ዲስኩ ላይ ዝቅተኛ ውፍረቱ ተጽፏል፤ ጠርዙ ላይ በጥፍርዎ የሚይዙት ከንፈር ካለ ብዙ ተበልቷል።

ወድቃ ታውቅ እንደሆነ ፕላስቲኩ አይነግርዎትም፤ ፕላስቲክ በቀላሉ ይቀየራል። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን ጫፍ፣ የመሪውን ጫፍ ክብደት፣ የእግር መርገጫዎቹን ጫፍና የሻንጣዎቹን ታች ይመልከቱ። በአንድ ወገን ሁሉም ከተፋቁ ተንሸራታለች። ቆማ የወደቀች ከሆነ አያሳስብም፤ የተንሸራተተች ከሆነ ግን በሙከራው ላይ በ40 ማይል መሪውን ለቀቅ አድርገው ወደ አንድ ጎን ትጎተት እንደሆነ በደንብ ያረጋግጡ።

ለሙከራ ሻጩ የክላስ ኤም (የሞተርሳይክል መንጃ) ፈቃድዎንና ሙሉ ገንዘቡን በእጁ እንዲያስይዙ ቢጠይቅ አይከፉ፤ የተለመደ ነው። በጉዞው ላይ ሁሉንም ማርሽ ያዳርሱ፤ በሁለተኛ ማርሽ አጥብቀው ጋዝ ሲሰጡ ማርሹ ካመለጠ የማርሽ ሳጥኑ ተበልቷል፣ ተመልሰው ያስረክቧት። በከፍተኛ ማርሽ ከ3,000 ዙር ጋዙን ሙሉ ሲከፍቱ ዙሩ ቢወጣና ፍጥነቱ ባይከተል ደግሞ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል።

ጥያቄ፦ አሥር ዓመት ያለፋት፣ 6,000 ማይል ብቻ የሄደች ሞተርሳይክል አገኘሁ። ጋራዥ ውስጥ ተሸፍና ነው የኖረችው። እንደ አዲስ ልቁጠራት?

መልስ፦ አይቁጠሯት። ለሞተርሳይክል ከመሄድ ይልቅ መቆም ይጎዳል። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ታንኩ ሥር ይቀመጥና ያዝገዋል፣ ቅሪቱም ነዳጅ የሚረጩትን መርፌዎች ይደፍናል። የታንኩን ክዳን ከፍተው በእጅ ባትሪ ወደ ታች ይዩ። የፍሬን ዘይቱን በመስኮቱ ይመልከቱት፤ ንጹሕ ዘይት የማር ቀለም አለው፣ እንደ ቡና የጠቆረ ከሆነ ሁለት ዓመት ሳይሆን አሥር ዓመት ሙሉ አልተቀየረም።

ዋጋዋን ሲያሰሉ ሁለት ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ ምናልባትም የፊት ሾክ ጎሚኒ ይደምሩ። ይህ ተደምሮም ዋጋው ካዋጣዎት ጥሩ ግዢ ናት። እኛ ግን በየዓመቱ 5,000 ማይል የሄደችና ደረሰኞቿ በፌስታል የተቀመጡላትን 50 ሺህ ማይል ያላት እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ እዚህ ፍራንክፈርት የካዋሳኪ 1400 ጂቲአር ላይ እየተደራደርኩ ነው። ሻጩ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለኝ ይላል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ትልቅ ችግር። 1400 ጂቲአርና በአሜሪካ ኮንኮርስ 14 የምትባለው አንድ ናቸው። ሞተርሳይክሏ ቁልፏን በሬድዮ ነው የምታውቀው፤ ስትሸጥ ሁለት ቁልፎች አብረው ይሰጣሉ። ሁለተኛው ባትሪ የሌለው መጠባበቂያ ከሆነ የሚሠራው ወደ ቁልፍ ማስገቢያው በጣም ሲጠጋ ብቻ ነው። አንዱ ቢጠፋ በሌላው አዲስ ማስመዝገብ ይቻላል። ሁለቱም ቢጠፉ ግን ተራ ቁልፍ ሠሪ አያድንዎትም፤ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮቹን መቀየር ድረስ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱንም በዓይንዎ አይተው፣ በሁለቱም አስነስተው ይግዙ። አለበለዚያ ሻጩ ከመሸጡ በፊት ሁለተኛውን በካዋሳኪ አስመዝግቦ ያምጣ።

ሌላው፣ ጎማ ውስጥ ያሉት የአየር ግፊት መለኪያዎች ባትሪያቸው የታሸገ ነው፤ ሲያልቅ መለኪያው ሙሉ ይቀየራል። ዳሽቦርዱ የግፊቱን ቁጥር ካላሳየ ጎማ የሚያስቀይሩ ዕለት አብረው ያስቀይሯቸው፤ የእጅ ዋጋው አንድ ይሆናል። ከ2010 ወዲህ የተሠሩት ኋላ ጎማ ሲንሸራተት ኃይል የሚቀንስ ሥርዓት ስላላቸው፣ በጀትዎ ከደረሰ ከዚያ ዓመት ወዲህ ያለችውን ይፈልጉ። ቱፍ የሚባለው የጀርመን የተሽከርካሪ ደኅንነት ምርመራ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀራት እንድትሆን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። እነዚህ ሁሉ ለኔ አይከብዱም? አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከኮለምበስ።

መልስ፦ ይከብዳሉ፣ እህታችን፤ በተለይ ቆመው። ቢኤምደብሊው ኤፍ 800 ጂቲን ይሞክሯት። ከ2013 ጀምሮ የተሠራች፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ነዳጅ ሞልታ 213 ኪሎ የምትመዝን ናት፤ ከኤፍጄአር ጋር ስትነጻጸር 75 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው የጎማ ቀበቶ ነው፤ ዘይት አይቀባም፣ ልብስም አያቆሽሽም። ቀበቶው ላይ ስንጥቅ ወይም በጥርሶቹ መካከል የተጣበቀ ጠጠር ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የኋላ ጎማዬን ራሴ አውጥቼ ጎማ ቤት እወስዳለሁ። “በዚያው ስፕላይኑን ቅባ” ተባልኩ። ኤፍጄአር ነው ያለኝ። እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ትክክለኛ ምክር ነው የሰጡዎት። ስፕላይን ማለት ሻፍቱ ኃይሉን ለጎማው የሚያስረክብባቸው እርስ በርስ የሚገቡ የብረት ጥርሶች ናቸው። ደርቀው ከሠሩ ቀስ በቀስ ይበላሉ፤ አንድ ቀን ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ይቆማል።

መጀመሪያ የፊት ፍሬኑን መያዣ በገመድ ጠፍረው ይሰሩት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ መሬት ላይ አድርገው ሞተርሳይክሏን በመሃል ማቆሚያዋ እሱ ላይ ያውጧት፤ ያለዚያ ጎማውን ለማውጣት ክፍተቱ ይጠባል። ሻንጣዎቹንና የጭቃ መከላከያውን የታች ክፍል ያንሱ፤ ካሊፐሩን ፈትተው በሽቦ ያንጠልጥሉት፣ በቱቦው እንዳይንጠለጠል። አክስሉን ከማውጣትዎ በፊት ክፍተት የሚጠብቁትን ቀለበቶች አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የኤቢኤስ ሴንሰሩንና ጥርሳም ቀለበቱን እንዳይመቱ ተጠንቅቀው ጎማውን ወደ ቀኝ ሳብ ያድርጉት፤ ከኋላው ማርሽ ይላቀቃል።

አሁን ጥርሶቹን ይመልከቱ። አሮጌው ግራሶ ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ቀይ አቧራ፣ የበርበሬ ደቃቅ የሚመስል፣ ካገኙ ያለ ቅባት ሠርተዋል። የጥርሶቹ ጫፍ ከጠፍጣፋነት ወደ ሹልነት ከሄደ መቀየሪያቸው ደርሷል። በጨርቅና በብሩሽ አጥርተው ሞሊብዲነም የበዛበትን ፓስታ በስሱ ይቀቡ፤ ተራ ግራሶ ታጥቦ ይሄዳል። ብዙ አይቀቡ፤ ትርፉ ሲዞር ይረጫል።

በዚያው የኋላውን ማርሽ ዘይት ይቀይሩ። መሙያውን ብሎን ከማፍሰሻው በፊት ይክፈቱ፤ ዘይቱን አፍስሰው መሙያው እምቢ ካለ ሞተርሳይክሏ እዚያው ትቆማለች። የሚገባው 200 ሚሊ ሊትር የሃይፖይድ ማርሽ ዘይት ነው፣ ከመሙያው ቀዳዳ ከንፈር እስኪደርስ። በወጣው ዘይት ውስጥ ደቃቅ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ቅርፊት ካለ ግን ለመካኒክ ያሳዩ። ጎማውን መልሰው ብሎኖቹን በመመሪያው መጠን በቶርክ ቁልፍ ካጠበቁ በኋላ፣ ከቦታዋ ሳያንቀሳቅሷት የኋላ ፍሬኑን እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። የፍሬን ሸራዎቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስትቀመጥ ኤፍጄአሬ ፊቷ ይቀላል፣ በመጠምዘዣም ትወላውላለች። ሾኩ አልቆ ይሆን?

መልስ፦ ከመቀየርዎ በፊት የኋላው ሾክ በግራ በኩል ያለውን ማንሻ ይዩ። በ“ለስላሳ” ላይ ከሆነ ወደ “ጠንካራ” ያዙሩት፤ ለሁለት ሰው የተሠራው ይኼኛው ነው። አየሩን ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ፊቱን 39፣ ኋላውን 42 ፒኤስአይ ያድርጉ። ሞተርሳይክሏ የምትችለው ጭነት፣ ሁለታችሁና ዕቃው ተደምሮ፣ ከ200 ኪሎ ጥቂት ነው የሚበልጠው፤ እያንዳንዱ የጎን ሻንጣም ከ10 ኪሎ በላይ አይጫንበት። ከባዱን ዕቃ ከኋላው የላይኛው ሳጥን አውጥተው ወደ ጎን ሻንጣዎቹ ታች ያውርዱት። ይህን ሁሉ አድርገው ከመጠምዘዣ ስትወጣ አሁንም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተንሳፈፈች ሾኩ አልቋል፤ ያኔ ይቀይሩት።